የአሉሚኒየም ሰበቃ ብየዳ ሲሙሌሽን አልሠራ ሲላችሁ

ኮምቦልቻም ደሴም ሆናችሁ ሁለት የአሉሚኒየም ላሜራ በሚሽከረከር ቱል ነጥብ በነጥብ የሚበየድበትን ሞዴል አባከስ (የሲሙሌሽን ሶፍትዌር) ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ችግር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትነካኩት ሜሹን፣ ማለትም ሞዴሉ የተከፋፈለባቸውን ትንንሽ ኤለመንቶች መረብ ነው። ተዉት። አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ሙቀቱ ላይ ነው።

ምልክት፦ ሙቀቱ 900 ዲግሪ ገባ

6061 ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው 582 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው። ይሄ ብየዳ ደግሞ ብረቱን ሳያቀልጥ አለስልሶ የሚያዋህድ ነው። ስለዚህ ከዚያ በላይ ካያችሁ ሞዴሉ ዋሽቷል።

መጀመሪያ ዩኒት እዩ። በሚሊሜትርና በቶን የምትሠሩ ከሆነ ዴንሲቲው 2.7×10⁻⁹ ነው፣ ስፔሲፊክ ሂቱ (ለማሞቅ የሚፈልገው ጉልበት) ደግሞ 896 ሳይሆን 896,000,000። 896 ብሎ ያስገባ ሰው ሚሊዮን እጥፍ ቶሎ የሚግል አሉሚኒየም ፈጥሯል። ኮንዳክቲቪቲው (ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ) ግን በሜትርና በኪሎግራምም ሆነ በሚሊሜትርና በቶን 167 ሆኖ ይቀራል፣ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ጋ ነው።

ዩኒቱ ልክ ከሆነ ጥፋተኛው የሰበቃ ኮፊሸንቱ ነው። 0.3 ወይም 0.4 ብሎ ለጥፎ መሄድ የተለመደ ነው። እውነተኛው አሉሚኒየም ግን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ቱሉን የሚይዝበት ጉልበት ይቀንሳል፣ ስለዚህ የሚፈጠረው ሙቀት ራሱን በራሱ ይገታል። ኮፊሸንቱ ከሙቀቱ ጋር እየወረደ እንዲሄድ ሠንጠረዥ ስጡት፣ የሸር ስትረስ (ጎን ለጎን የሚያንሸራትት ጫና) ጣሪያም አስቀምጡለት።

ጣሪያው ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በወረቀት ማስላት ይቻላል። ሙቀቱ 2/3 × π × ሸር ስትረስ × የማዕዘን ፍጥነት × ራዲየስ ኩብ ነው። የሾልደሩ (ላሜራውን ከላይ የሚፈትገው የቱሉ ሰፊ ክፍል) ራዲየስ 5 ሚሜ፣ ፍጥነቱ 1500 ዙር በደቂቃ፣ የጋለው ብረት ሸር ስትረስ 20 ሜጋፓስካል ቢሆን 820 ዋት ገደማ ይመጣል። የቀዝቃዛውን ብረት 159 ሜጋፓስካል ካስገባችሁ ግን 6,500 ዋት! በአንድ ቱል፣ በአንድ ፍጥነት።

ምልክት፦ ሙቀቱ ተስተካከለ፣ ቁሱ ግን አይዞርም

ይሄ የመጀመሪያውን ችግር ከልክ በላይ ስታክሙት የሚመጣ ነው። ኮፊሸንቱ ገና በ400 ዲግሪ ወደ ዜሮ ከወረደ ቱሉ ያንሸራትታል እንጂ አያማስልም። ከፒኑ (ላሜራው ውስጥ ከሚጠልቀው የቱሉ ጫፍ) አጠገብ ትሬሰር ፓርቲክል፣ ማለትም የቁሱን ጉዞ የሚያሳዩ ምልክት ነጥቦች፣ በትኑና ተከተሏቸው። ክብ ካልሠሩ መያዣ የለም ማለት ነው። የጆንሰን ኩክ (የቁሱ ጥንካሬ ከሙቀትና ከፍጥነት ጋር እንዴት እንደሚለወጥ የሚሰጥ ቀመር) ሠንጠረዣችሁንም እዩ፤ የመቅለጫ ሙቀቱ 660 ከሆነ የንጹሕ አሉሚኒየም ቁጥር ነው፣ የ6061 አይደለም።

ምልክት፦ ሜሹ ተጨማዶ ሥራው ተቋረጠ

ቱሉ ሲጠልቅ ኤለመንቶቹ ይጠማዘዛሉ፣ ከዚያ ታይም ኢንክሪመንቱ እያነሰ ይሄድና ይቆማል። ወደ ሲኢኤል (ሜሹ ቆሞ ቁሱ በውስጡ የሚፈስበት ዘዴ) ዙሩት። ከላሜራው በላይ ባዶ ቦታ መተው አትርሱ፣ አለዚያ በቱሉ ዙሪያ ተገፍቶ የሚወጣው ቁስ (ፍላሽ) ከዶሜኑ ወጥቶ ይጠፋል።

ምልክት፦ የሞዴሉ ሙቀት በሙከራ ላይ ቴርሞካፕሉ (የሙቀት መለኪያው) ከለካው ጋር አይገጥምም

ላሜራው ሙቀቱን በዋናነት የሚያስረክበው ለአየር ሳይሆን ከሥር ላለው የብረት መደገፊያና ለቱሉ ነው። ሥሩን ዝም ብላችሁ ክፍት ከተዋችሁት ሞዴሉ አይቀዘቅዝም፤ የንክኪ ኮንዳክታንስ (በንክኪው በኩል ሙቀት የሚያልፍበትን መጠን) ስጡት። መነሻ ሙቀትም ካልነገራችሁት ከዜሮ ይጀምራል። ጦሳ ተራራ ሥር ብርድ ቢኖርም ወርክሾፕ ውስጥ ዜሮ ዲግሪ የሆነ ላሜራ የለም።

ምልክት፦ ሥራው አያልቅም፣ መብራትም ይሄዳል

ሥራው ከቆመበት እንዲቀጥል የሚያስችለውን ሪስታርት ፋይል በየክፍተቱ እንዲጽፍ እዘዙት፣ አንድ ምሽት መብራት ሲጠፋ ትመርቁኛላችሁ። ለማፍጠን ማስ ስኬሊንግ (ታይም ኢንክሪመንቱ እንዲያድግ ሶፍትዌሩ ክብደቱን በስሌት የሚያሳድግበት አማራጭ) ተጠቀሙ፣ ግን ዴንሲቲውን በእጃችሁ አታሳድጉ። ካሳደጋችሁ ስፔሲፊክ ሂቱን በዚያው እጥፍ ቀንሱ፣ ካልሆነ ላሜራው መሞቅ ያቅተዋል። ከዚያ የኪኔቲክ ኢነርጂውን ከኢንተርናል ኢነርጂው ጋር አስተያዩ፤ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካለፈ ስኬሊንጉን አብዝታችሁታል፣ ቀንሳችሁ እንደገና አስሩጡት።