የሐበሻ ቀሚስ በቴሌግራም ስትሸጡ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

የወንድሜ ሚስት ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ሱቅ አላት። የቴሌግራም ቻናሏን የምይዝላት እኔ ነኝ። ዛሬ ከደንበኞቿ ብዙዎቹ ሱቁን በአካል አይተውት አያውቁም። ዋሽንግተን፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ያሉም አሉ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን እኛው ሠርተናቸዋል።

ከሁሉም የከፋው ዋጋ መደበቅ ነው። «ዋጋ በኢንቦክስ» የምትለዋን ጽሑፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እኛም እንጽፋት ነበር። አንድ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት «እህቴ፣ ይሄ ስንት ነው?» ብላ ጻፈች። ጠዋት ስንመልስላት «አመሰግናለሁ፣ ከሌላ ቦታ ገዛሁ» አለችን። ሻጭ ዋጋ የሚደብቀው ተፎካካሪ እንዳያይበት ነው። ተፎካካሪ ግን ደንበኛ መስሎ ጠይቆ ያውቀዋል። የሚያመልጠን ገዢው ነው። ስለዚህ ዋጋውን ከፎቶው ሥር ጻፉት። ጨርቁ መነን ይሁን ፈትል፣ ነጠላው አብሮ ይምጣ አይምጣ፣ ለማሰፋት ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ሁሉም እዚያው ይግባ። እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ የሚመጣው ጥያቄ ቀንሷል። የሚጠይቀው ሰው ግን ሊገዛ የቆረጠ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ሜምበር መግዛት ነው። አንድ ሰው 10 ሺህ ሜምበር አስገባልሃለሁ አለኝና ከፈልኩት። ቁጥሩ በእርግጥም ዘለለ። ስንት ሰው እንዳየው የምታሳየው፣ ከእያንዳንዱ ፖስት ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ግን ከ300 ፈቀቅ አላለችም። ገዢ ደግሞ ሁለቱንም ቁጥር ያያል። «እነዚህ አጭበርባሪዎች ናቸው እንዴ?» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። በዚያ ብር አንድ ጥሩ ጥልፍ ያለው ቀሚስ አሰፍተን ፎቶ ብናነሳው ይሻለን ነበር።

ፎቶ ካልኩ አይቀር፣ ማታ በአምፖል አታንሱ። ነጩ መነን ቢጫ መስሎ ይወጣል፣ የጥለቱ ቀለምም ይቀየራል። ጠዋት በር ላይ፣ ጥላ ውስጥ አንሱ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሰው ፎቶ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብ። ለሠርጓ ያዘዘችውን ሳይሆን ሌላ ቀሚስ ከካርቶን ውስጥ የምታወጣን ሙሽራ አስቧት።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ስህተት ፊደል ላይ ነው። አንዱ «ሐበሻ» ብሎ ይፈልጋል፣ ሌላው «ሀበሻ» ብሎ። እናንተ በአንዱ ብቻ ከጻፋችሁ በሌላው የሚፈልጋችሁ ላያገኛችሁ ይችላል። የጸጉር ቅባት የሚሸጡም እንዲሁ «ጸጉር» እና «ፀጉር» ላይ ይቸገራሉ። እኛ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አድርገን ሁለቱንም እንጽፋለን። ጽሑፉን ፎቶው ላይ ብቻ መጻፍም ያው ነው፤ ቴሌግራም ላይ ቃሉን ተይቦ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

ሰዓትም ግልጽ ይሁን። «3 ሰዓት ላይ ላይቭ እንገባለን» ስንል ውጭ የኖረ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። የአዲስ አበባ ምሽት 3 ሰዓት ዋሽንግተን ላይ በእነሱ አቆጣጠር እንደ ወቅቱ ከቀኑ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። የአዲስ አበባንም የእነሱንም ሰዓት ጻፉ።

የክፍያ ስክሪንሾት አይታችሁ ዕቃ አትላኩ። የሐሰት ስክሪንሾት በቀላሉ ይሠራል። ብሩ ቴሌብር ወይም ባንክ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ራሳችሁ አረጋግጡ።

የመጨረሻው ስህተት ሁሉን ነገር አንድ ቦታ ማስቀመጥ ነው። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ። ለአምስት ወር ያህል ያለ ቪፒኤን አልከፍት አሉ። የዚያ ዓመት ፋሲካ እዚያው መሀል ላይ ዋለ። ለእኛ ደግሞ ፋሲካ ትልቁ ገበያችን ነው። ያዳነን የወንድሜ ሚስት ድሮ የያዘችው ደብተር ነው። የደንበኛ ስም፣ ስልክ፣ የደረትና የወገብ ልክ፣ የቀሚስ ቁመት ተጽፎበታል። ከእሱ ላይ እያየን አንድ በአንድ ደወልን። አሁንም አዲስ ደንበኛ በቴሌግራም ሲመጣ መጀመሪያ ስልኩን ጠይቀን እዚያ ላይ እንጽፋለን።