ለምጣድ አዲስ መስመር ማስገባት፦ በባሕር ዳር የትኛው የኤሌክትሪክ ሥራ ፈቃድ ይጠይቃል?

ቅዳሜ ጠዋት ሽምብጥ ወይም አባይ ማዶ አካባቢ የቤትዎ አምፖል ደብዘዝ ካለ ሰፈሩ እንጀራ እየጋገረ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ እንደ ስሪቱ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ይህን ለ220 ቮልት ሲያካፍሉት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይመጣል። ባለ 10 ዋት አምፖል ቢሆን 350 ወይም 400 ያህሉን ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። ስለዚህ ጓሮ ባለችው ማዕድ ቤት ምጣድ ለመትከል ያሰበ ሰው «አንዲት ሶኬት ብቻ ልጨምር ነው» ቢልም የሚያስገባው ጭነት ከቀሪው ቤት ሁሉ ሊበልጥ ይችላል።

«ለዚህም ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?» ይሉኛል ጎረቤቶቼ። የሥራው ማነስና መብዛት አይደለም የሚወስነው። ሽቦው የማን ነው? ጭነቱስ ይጨምራል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ከመለሱ የቀረው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ቆመው ወሰኑን ይለዩ

ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው ገመድ፣ ቆጣሪው ራሱ፣ ማኅተሙም ጭምር በተለምዶ መብራት ኃይል የምንለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው። ቆጣሪው ግቢዎ ውስጥ ስለተተከለ፣ ገንዘቡንም እርስዎ ስለከፈሉ የእርስዎ አይሆንም። ከቆጣሪው ወጥቶ ወደ ቤት የሚገባው መስመር፣ የብሬከር ሳጥኑ፣ ሶኬቱና ማብሪያ ማጥፊያው ግን የእርስዎ ነው፤ ጥፋትም ቢደርስ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት።

ይህን ወሰን የተማርኩት በራሴ ስንፍና ነው። ከዓመታት በፊት ዋናውን ገመድ ለማስቀየር አንድ ሠራተኛ አምጥቼ ቡና ላፈላ ገባሁ። ስመለስ «አጥብቄ ላስርልህ ብዬ ነው» እያለ የቆጣሪውን ማኅተም ቆርጦ ይዟል። ክፋት አልነበረበትም። የተቆረጠ ማኅተም ግን ኃይል ለመስረቅ የተነካ ነው የሚመስለው፤ ያንን ለማስረዳት ስመላለስ የጠፋኝ ጊዜ ገመዱን ከማስቀየሩ ይበልጥ ነበር። ቆጣሪው ከተበላሸ፣ ካርድ አልቀበል ካለ፣ ወይም ወደ እሱ የሚገባው ገመድ ከተላጠ ራስዎ አይንኩት። 905 ላይ ይደውሉ፣ ወይም ውል የያዙበት የአገልግሎት ማዕከል ሄደው ያስመዝግቡ።

ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚሠሩት

አምፖል፣ የአምፖል ማቀፊያ፣ የተሰበረ ሶኬት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ በዚያው ቦታ፣ በተመሳሳይ ዓይነት መተካት ፈቃድ አይጠይቅም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ቴስተር ካለዎት፣ እጅዎም ከለመደ ይሠሩታል።

ብሬከር መተካት እዚሁ ይገባል፤ ግን አምፔሩ ያው ከሆነ ብቻ። ምጣዱ ሲሰካ ባለ 16ቱ ብሬከር ይወርዳል፤ ባለቤቱ ይናደድና ባለ 32 ገዝቶ ይተክላል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወርድም፤ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይቀቀላል። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ለመብራት የተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር፣ የሽቦው ውፍረት) ሽቦ ባለ 10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬት የተዘረጋ ባለ 2.5 ካሬ ባለ 16 ይበቃዋል። ከፍ ያለ ብሬከር ካስፈለገ ሽቦውም አብሮ ይወፍራል፤ ያ ደግሞ መተካት መሆኑ ቀርቶ አዲስ መስመር ሆነ ማለት ነው።

ዲቫይደር ላይ ምጣድ መሰካትን እንደ አማራጭ አልቆጥረውም።

አዲስ መስመር ከሆነ ማን ይጠየቃል?

ቤቱ የራስዎ ካልሆነ ከአከራዩ ይጀምሩ። የቃል ፈቃድ ሲወጡ ይረሳል፤ «መስመሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ወጪው እንዲህ ይታሰባል» የምትል አንዲት ወረቀት ሁለታችሁ ፈርሙባት። በቀበሌ ቤት የሚኖር ደግሞ ግድግዳ ከመብሳቱ በፊት ቤቱን ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት በማመልከቻ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይያዝ።

ማዕድ ቤቷ ራሷ ገና የምትሠራ ከሆነች ኤሌክትሪኩ ሁለተኛ ነው፤ የግንባታ ፈቃዱ ይቀድማል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ሲመድብ ተራውን መኖሪያ ቤት ሀ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ምድቡ ከፍ ሲል የኤሌክትሪክ ፕላንም በተመዘገበ ባለሙያ ተሠርቶ ይቀርባል። ወደፊት ፎቅ ለመጨመር ያሰበ ሰው ይህን አሁኑኑ ቢያስብበት ይሻለዋል።

ቀጥሎ መብራት ኃይል። ውል ሲገቡ የጠየቁት ኃይል ስንት ነበር? ያኔ ቤትዎ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ካውያ ብቻ ከነበረው፣ ዛሬ ምጣድ፣ የውኃ ማሞቂያና ምድጃ ሊጨምሩ ከሆነ «የኃይል ማሻሻያ» ብለው ያመልክቱ። መታወቂያዎን፣ የውሉን ወይም የክፍያውን ወረቀት፣ የይዞታ ማረጋገጫዎን ይያዙ፤ የቤቱ ካርታ በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልናውን አይርሱ። የዕቃዎቹን ዋት በአንድ ወረቀት ደምረው ይሂዱ። ሰሌዳው ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ተለጥፏል። ባለሙያ መጥቶ ገመዱንና የሰፈሩን ትራንስፎርመር ያያል፤ ግምቱ ይወጣል፤ ከከፈሉ በኋላ ሥራው ይሠራል። ወፍጮ ወይም ብየዳ ያሰበ ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ ከዚህ ጽሑፍ ያልፋል።

«ጢስ ዓባይ አጠገባችን ሆኖ ኃይል አነሰን» የሚለው ቀልድ እዚህ ላይ ይነሳል። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነው፤ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ቢሰካበት 3,200 ከጥቂት ይችላል። ዛሬ የበለስን የመሰለ 460 ሜጋዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለን፤ ቢሆንም ለኃይል ማመንጫው ቅርብ መሆን ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ትራንስፎርመር አያሰፋውም። ቅዳሜ ጠዋት አምፖሉን የሚያደበዝዘው እሱና እስከ ቤትዎ የሚመጣው ቀጭን ገመድ ነው።

ለተከራይ ወይም ለጎረቤት ከራስዎ ቆጣሪ መስመር ስበው ኃይል መሸጥ ሌላ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ላለ ሰርቪስ ቤት ንዑስ ቆጣሪ መትከል የተለመደ ነው፤ አጥር ተሻግሮ ለሌላ ቤት መስጠት ግን ከውልዎ ውጭ ነው። እዚያ ቤት ለሚነሳ እሳትም የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ።

ባለሙያውን ሲመርጡ

የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 በኤሌክትሪክ ተከላ ሥራ የሚሰማራ ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ እንዲይዝ ያዛል። የሰፈሩ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም፤ ቢያንስ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ወረቀት እንዳለው ይጠይቁ። ወረቀት ማየት ስድብ እንዳይመስልብዎት «ወንድሜ፣ ለኃይል ማሻሻያው ከጠየቁኝ ላሳይ ብዬ ነው» ማለት ይቻላል፤ እኔ እንዲህ እላለሁ።

ከዚያ ስለ ሥራው ይነጋገሩ። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚወጣ ባለ 4 ካሬ ሽቦ፣ ባለ 25 አምፔር ብሬከር፣ ግራውንድ (የሚያፈስ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ያለው ጠንካራ ሶኬት ይጠይቁ። «ባለ 2.5 ይበቃል» ካለዎት 18 አምፔር በየሳምንቱ ለሰዓታት እንደሚሄድበት ይንገሩት። በጓሮ የሚያልፈው ሽቦ በኮንዲዩት (በሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ይሂድ፤ በግልጥ ከቆርቆሮ ጋር ታስሮ አይንጠልጠል።

ግራውንዱ ላይ አይደራደሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ማቀፊያው ብረት ነው፤ የሚጋገረው በእርጥብ እጅ ነው፤ ወለሉ ሊጥና ውኃ የሚፈስበት ነው። በጣና ዳር ያሉ ቤቶች ግድግዳ ከክረምት በኋላም እርጥበት አይለቀውም። የግራውንድ ዘንግ ደግሞ ያታልላል፦ በነሐሴ አፈሩ ውኃ ስለጠጣ መሣሪያው ላይ ጥሩ ያሳያል፤ በሚያዝያ አፈሩ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ያው ዘንግ ደካማ ይሆናል። ስለዚህ ከሐይቁ ራቅ ካሉ በበጋ ያስለኩት፤ አቅም ከፈቀደ ለማዕድ ቤቱና ለመታጠቢያው ባለ 30 ሚሊአምፔር የኮረንቲ ፍሳሽ መቁረጫ ይጨምሩ። ተራው ብሬከር ሰው ሲያዝ አይወርድም፤ ለሰው የሚወርደው ይሄኛው ነው።

የሥራው ቀን

ሰው ሊገድል የሚችል ስህተት «መብራት ስለጠፋ አሁን ልሥራው» ነው። የጠፋ መብራት ሳይነግር ይመጣል። መብራት ቢኖርም ባይኖርም ዋናውን ብሬከር ያውርዱ፤ ልጆች እንዳያነሱት በናስትሮ ይለጥፉት ወይም አንድ ሰው አጠገቡ ያቁሙ። መብራት ባለበት ሰዓት መሥራቱ እንዲያውም ይሻላል፦ ቴስተሩን መጀመሪያ የሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክረው፣ ብሬከሩን አውርደው፣ የሚነኩትን ሽቦ መልሰው ይፈትሻሉ። ሁለቱንም ቀዳዳ ይሞክሩ፤ በድሮ ቤቶች ፌዝና ኒውትራል (ኮረንቲ የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) ተገላብጠው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ጄኔሬተር ያለው ሰው ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት በሆነ ገመድ ጄኔሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት አገናኝቶ ቤቱን ለማብራት አይሞክር። ዋናው ካልተቆረጠ ኃይሉ ወደ ኋላ ሄዶ ምሰሶው ላይ ባለው ትራንስፎርመር በሺዎች ቮልት ይሆናል፤ መስመር ጠፍቷል ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ይገድላል። ቼንጅ ኦቨር ማብሪያ (ቤቱን በአንድ ጊዜ ከመብራት ኃይል ወይም ከጄኔሬተር ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) በባለሙያ ይተከል።

ሥራው ሲያልቅ ሒሳቡን ሳይከፍሉ አንድ ጋገራ ያድርጉ። ምጣዱ ከተሰካ ግማሽ ሰዓት በኋላ ብሬከሩን አውርደው፣ ሶኬቱን ነቅለው የሶኬቱን ጥርሶች በእጅዎ ጀርባ ይንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። ካቃጠለዎት ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎት አንዱ ብሎን ላልቷል፤ ሠራተኛው ከግቢ ሳይወጣ ከፍቶ ያጥብቀው።