በድሎት ያደጉ ተማሪዎች በውድድር ጉዞ ጽናትን እንዲማሩ እንዴት መርዳት ይቻላል?

ለሂሳብ፣ ለክርክር ወይም ለሮቦት ውድድር የሚጓዝ ቡድን ከቤት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ አንድ ነገር ሳይበላሽበት አይመለስም። በረራ ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል፣ አንዱ ተማሪ ይታመማል፣ መርሐ ግብሩ በመጨረሻ ሰዓት ይለወጣል። ሁሉ ነገር በተሟላበት ቤት ያደገ ተማሪ በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ስልኩን አንስቶ ለወላጁ መደወል ነው። ደካማ ሆኖ አይደለም፤ እስከ ዛሬ ችግሩን ሌላ ሰው እየቀደመ ሲፈታለት ስለኖረ ነው። መምህራንና ወላጆች አስቀድመው ከተዘጋጁ፣ እነዚያ ጥቂት የጉዞ ቀናት ይህን ልማድ ለመቀየር ጥሩ አጋጣሚ ናቸው።

1. ከጉዞው በፊት ድርሻን መለየት

ወላጆችን ሰብስቡና የማን ኃላፊነት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ። ደኅንነት፣ ሕክምና፣ የሌሊት ቁጥጥርና የጉዞ ሰነዶች ቅጂ የአዋቂዎች ድርሻ ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ሙከራ አይደረግም። ሻንጣ ማሰናዳት፣ በሰዓቱ መንቃት፣ መንገድ መጠየቅ፣ ከመኝታ ክፍል ተጋሪ ጋር መግባባት የተማሪው ነው። ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ ያስፈለገው ልጁ በስልክ ሲያለቅስ የወላጅ አንጀት ስለማይችል ነው።

የኪስ ገንዘብም ለሁሉም እኩል ይሁን፤ የወላጅ የባንክ ካርድ ቤት ይቅር። በቡድኑ ውስጥ አቅሙ ያነሰ ቤተሰብ ልጅ ካለ ይህ ከብዙ መሸማቀቅ ያድነዋል፤ ያለው ልጅ ደግሞ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዘቡን እየቆጠረ ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ሆን ብሎ ችግር መፍጠር ተገቢ አይደለም። ልጆቹን «እንዲለምዱት» ብሎ ቆሻሻ ማደሪያ ውስጥ ማስገባት ወይም ማስራብ ትምህርት አይሆንም፤ በእውነት ተቸግረው ለሚኖሩ ሰዎችም ንቀት ነው። መንገድ በራሱ የሚያመጣው ችግር ይበቃል።

2. ሻንጣውን ተማሪው ራሱ እንዲያሰናዳ ማድረግ

ዝርዝሩን ራሱ ይጻፍ፣ እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ እዩለት። የመወዳደሪያ ልብስ፣ መነጽር፣ መድኃኒትና ማስታወሻ በእጅ ሻንጣ ይያዙ። ፓወር ባንክም ከተሳፋሪው ጋር ብቻ ነው የሚሄደው። በብዙ አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ መሆን አለበት፤ ይህን ረስቶ ውድ ሽቶው ፍተሻ ላይ ቢወሰድበት፣ ይወሰድበት።

3. ችግር ሲመጣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ማለት

ከባዱ ክፍል ይህ ነው። ሻንጣ የሚያመላልሰው ቀበቶ ቆሟል፤ የአንዱ ተማሪ ሻንጣ አልመጣም እንበል። ተማሪው ዞሮ ያያችኋል። በዚህ ጊዜ ወደ አገልግሎት መስኮቱ ሮጣችሁ አትሂዱ። «ምን ለማድረግ አስበሃል?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን ጠብቁ። ዝምታው ሊረዝም ይችላል፤ አትሙሉት።

ማወቅ የሚገባውን ንገሩት፤ ሥራውን ግን ለእርሱ ተዉለት። ከአዳራሹ ሳይወጣ ወደ ጠፉ ሻንጣዎች ክፍል መሄድ፣ ሻንጣውን ሲያስረክብ የተሰጠውን ቁጥር ያለበት ቁራጭ ማሳየት፣ የሻንጣውን ቀለምና መጠን መግለጽ፣ የሚያርፍበትን አድራሻ መስጠት፣ የማመልከቻውን ቁጥር ተቀብሎ መመዝገብ አለበት። ድምፁ ቢንቀጠቀጥም ሠራተኛዋን የሚያነጋግራት እርሱ ይሁን። አጠገቡ ቁሙ፤ ከተሳሳተ በኋላ ለማረም ጊዜ አለ። ማታ ደግሞ ከጓደኛው ሸሚዝ መዋስ ይኖርበታል። ሁልጊዜ ሰጪ ሆኖ ለኖረ ልጅ «አውሰኝ» ማለት ከማመልከቻው ይበልጥ ሊከብደው ይችላል፤ ስለዚህ ይህንንም ራሱ ይጠይቅ።

ወደ ኋላ ማለት ማለት ግን መራቅ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሱኒያ ሉታር በሀብታም ሰፈሮች በሚያድጉ ወጣቶች ላይ ባካሄዱት ጥናት፣ ከፍ ያለ ጭንቀት፣ ድብርትና የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚነት አግኝተዋል። ከጠቀሷቸው ምክንያቶች መካከል የውጤት ጫናና ከወላጆች ጋር ያለ መራራቅ ይገኙበታል።

4. ስልክን በቀን አንድ ጊዜ መወሰን

የሚደወልበት ሰዓት ይታወቅ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ኦሊምፒያድ፣ የጥያቄዎቹን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ዋናዎቹ የቡድን መሪዎች ፈተናው እስኪያልቅ ከተማሪዎቻቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹ በሁለት ቀን፣ በየቀኑ ለአራት ሰዓት ተኩል ሦስት ሦስት ጥያቄ ይጋፈጣሉ። ያን ያህል የሚችል ልጅ እስከ ማታ ሳይደውል መቆየት አያቅተውም።

5. የሽንፈትን ምሽት በጥንቃቄ መያዝ

በዚያ ምሽት ትንተና አያስፈልግም። ይብላ፣ ይተኛ፤ በዚህ ዕድሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ማልቀስ ከፈለገም ያልቅስ። ዳኞችን አብሮ መውቀስ ግን አይገባም። እውነተኛ ቅሬታ ካለና ደንቡ ከፈቀደ አቤቱታውን ተማሪው ራሱ ይጻፍ።

በማግስቱ «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ከማለት ተቆጠቡ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ ልጆች ከወደቁ በኋላ በጥረታቸው ከተመሰገኑት ያነሰ ጽናት አሳይተዋል። ስለዚህ የሠራውን ነገር ነጥላችሁ ንገሩት፦ «ሁለተኛው ዙር ላይ ሐሳቡ ሲጠፋህ ትንፋሽ ወስደህ ከመጀመሪያው ነጥብ ቀጠልህ»። ከዚያም የትኛውን ክፍል አሟልቶ እንደሠራ፣ የትኛውን ደግሞ መድገም እንደሚፈልግ ጠይቁት። በሂሳብ ኦሊምፒያድም ሜዳሊያ ሳያገኝ አንድ ጥያቄ እንኳ ሙሉ በሙሉ ለፈታ ተማሪ የክብር ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

6. ከተመለሱ በኋላ

ቤት እንደገቡ የቀድሞው አገልግሎት ሁሉ በአንድ ቀን እንዳይመለስ ወላጆችን አሳስቡ። በሰዓቱ መንቃትና ቦርሳን ማሰናዳት የልጁ ሥራ ሆኖ ይቀጥል። ለቀጣዩ ጉዞ የዝግጅት ዝርዝሩን የሚጽፉትና አዲስ ገቢዎችን የሚያስረዱት ደግሞ ዘንድሮ የተጓዙት ተማሪዎች ይሁኑ፤ የሻንጣውንም ጉዳይ ያ ተማሪ ራሱ ያስረዳ።