ዳይረክተሪ ሰርቨር ሬፕሊኬት ስታደርጉ እባካችሁ እነዚህን ተዉ

ዳይረክተሪ ሰርቨር የሰዉን አካውንትና ፓስወርድ የሚይዘው ሰርቨር ነው፣ ሬፕሊኬት ማድረግ ደግሞ ያንኑ ዳታ ሌሎች ሰርቨሮች ላይም ኮፒ አድርጎ ማኖር። «መልቲ ማስተር (ከአንድ በላይ ሰርቨር ላይ የሚጻፍበት) ነው አይደል የሚሻለው?» የሚለኝ ሰው በዛብኝ። እሺ፣ ሁለት ሰው ሁለት ሰርቨር ላይ ያንኑ አካውንት በአንዴ ቢነካካ የማን እንዲጸና ነው የምትፈልገው ስለው ዝም። ትልቁ ስህተት እሱ ነው፣ ግጭቱን ሳያስቡ ሞዴል መምረጥ።

በአንድ ማስተር ሞዴል የሚጻፈው አንዱ ጋ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ኮፒውን ይዘው ለሚጠይቃቸው መልስ ይሰጣሉ፣ ማስተሩ ቢወድቅ እንኳን ሰው ሎግኢን ማድረጉን ይቀጥላል፣ የሚቆመው ፓስወርድ መቀየርና ዩዘር መጨመር ነው። ዳይረክተሪ ደግሞ ባብዛኛው ይነበባል እንጂ ብዙ አይጻፍበትም። ግማሽ ሰዓት ባይጻፍ ማን ይጎዳል? መጀመሪያ እሱን መልሱልኝ።

ኦፕን ኤልዳፕ (አንዱ የዳይረክተሪ ሶፍትዌር) ላይ ተራው ሲንክሬፕል (ለውጡን ወደ ሌላው ሰርቨር የሚያደርሰው) የሚልከው ሙሉ ኤንትሪውን፣ ማለትም የአንዱን አካውንት መረጃ በሙሉ ነው፣ ግጭት ሲመጣ የሚያሸንፈው የኋለኛ ሰዓት የተመታበት ነው። እኔ ራሴ ጉድ ሆኛለሁ። የሁለት ሰርቨሮች መስመር ተቋርጦ ሳለ አንደኛው ላይ አካውንት ዘጋሁ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ባልደረባዬ ሁለተኛው ላይ የዚያኑ ሰውዬ ስልክ ቁጥር አስተካክሎ ነበር፣ የሱ ሰርቨር ሰዓት ደግሞ 7 ደቂቃ ይቀድማል ለካ። መስመሩ ሲመለስ የስልኩ ለውጥ «አዲሱ» ተብሎ የኔን ጠራርጎ አጠፋው፣ የዘጋሁት አካውንት ቁጭ ብሎ ይሰራል! ኤንቲፒ (የሰርቨሮቹን ሰዓት የሚያስማማውን) ሳታስተካክሉ መልቲ ማስተር አታስቡት። ዴልታ ሲንክሬፕል የተቀየረውን ብቻ ስለሚልክ ትንሽ ያድናችኋል።

አክቲቭ ዳይረክተሪ (የማይክሮሶፍቱ) ያላችሁም «መጨረሻ የጻፈ ያሸንፋል» ብላችሁ አትዝናኑ። እሱ አትሪቢዩት በአትሪቢዩት (ስልኩን ለብቻ፣ ስሙን ለብቻ) ነው የሚያየው፣ መጀመሪያ የሚያወዳድረውም የቨርዥን ቁጥር (ስንቴ እንደተቀየረ የሚቆጥረው) ነው፣ ሰዓቱ የሚታየው ቁጥሩ እኩል ሲሆን ነው። ስለዚህ ሁለቴ የቀየረው፣ ከሱ በኋላ መጥቶ አንዴ የቀየረውን ሊረታው ይችላል።

ሚረር ሞድ እወዳለሁ፣ ሁለቱም ማስተር ናቸው ግን የሚጻፈው አንዱ ላይ ነው፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ከዛ አንዱ ይመጣና ፊቱ ላይ የሚጻፈውን ለሁለቱም ተራ በተራ የሚያከፋፍል ሎድ ባላንሰር ይገትርበታል። ምኑን ሚረር ሞድ ሆነ ታዲያ?

ሌሎቹን ቶሎ ልበላችሁ። ሬፕሊካ ባክአፕ አይደለም፣ በስህተት የሰረዛችሁት ሁሉም ጋ ይሰረዛል። ኮንፊግ ኮፒ ስታደርጉ ሰርቨር አይዲውን (የየሰርቨሩን መለያ ቁጥር) መቀየር አትርሱ። ለወራት ጠፍቶ የከረመ ዶሜን ኮንትሮለር (የአክቲቭ ዳይረክተሪ ሰርቨር) ዝም ብላችሁ አታስነሱ፣ ቱምስቶን ላይፍታይሙ (የተሰረዘው ነገር ምልክት የሚቆይበት ጊዜ፣ በተለምዶ 180 ቀን) ካለፈ የተሰረዙ ነገሮችን ይዞባችሁ ይመጣል።

ደግሞ «ሰርቪሱ እየሰራ ነው» ማለት ሬፕሊኬት እያደረገ ነው ማለት አይደለም። ኦፕን ኤልዳፕ ከሆነ ኮንቴክስት ሲኤስኤኑን (የመጨረሻውን ለውጥ ምልክት) ሁለቱም ጋ አንብባችሁ አስተያዩት፣ አክቲቭ ዳይረክተሪ ከሆነ ሬፕአድሚን የሚባል ኮማንድ አለላችሁ። አንድ ቦታ ሞኒተሪንጉ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሎጉን ስከፍተው ሬፕሊኬት የሚያደርግበት አካውንት ፓስወርድ ተቀይሮ ኖሮ ሰርቨሩ ለሦስት ሳምንት የድሮ ዳታ እያደለ ነበር፣ የቀየረውም ሰው አጠገቤ ቆሟል።