ኩበቱን ሳትነኩ ኮምፖስት ማስጀመር

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ስለ ኮምፖስት ሲነሳ የሚቀድመው የኩበት ጉዳይ ነው። እበቱ ማገዶ ነው፤ የተረፈው ገበያ ወጥቶ ጨውና በርበሬ ይሆናል። «እበታችሁን ለማሳ አድርጉት» ብሎ የጀመረ የልማት ሠራተኛ ያኔውኑ አልቆለታል። የበረት ጥራጊ፣ ሽንት የጠጣ ገለባና ከብት የተወው የባቄላ አገዳ ለመጀመሪያ ይበቃል።

ጉድጓዱ መስከረም መጨረሻ ላይ ይቆፈር፤ አረሙ እርጥብ ሳለ፣ ፍሬ ሳይዝ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር። መንዝ ላይ ጉድጓድ ከብርድና ከነፋስ ይከልላል፤ የጅሩና የእነዋሪ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ግን ውኃ ስለሚያቁር እዚያ ከመሬት በላይ ይከመር።

ከታች ወፍራም አገዳ ይነጠፋል። ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ገለባ፣ 20 እርጥብ አረም፣ ከ5 እስከ 10 የበረት ጥራጊ፣ ሳሳ ያለ አፈር፤ እየደጋገሙ መሙላት ነው። አመድ እፍኝ እፍኝ ብቻ፦ ሲበዛ የሽንቱን ናይትሮጅን (ሰብል የሚያለመልመውን ንጥረ ነገር) ያበናል፣ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ እሱ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አይግባ፤ ቶሎ አይበሰብስም። እያንዳንዱ ንብር ውኃ ይጠጣ። በእጅ ሲጨመቅ ከተንጠባጠበ በዝቷል።

መሐሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ላዩን በጭቃ ምረጉ። በሳምንቱ ዱላውን ንቀሉት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ደግ ነው። ደርቆ ነጭ ነገር ከያዘ ውኃ ጎድሎታል። ቀዝቅዞ ከገማ ውኃ በዝቶበታል፤ ተገልብጦ ደረቅ ገለባ ይቀላቀልበት። በወሩ ይገላበጥ። በደጋው ብርድ 4 ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ጠቁሮ የአፈር ሽታ ሲሸት ደርሷል።

አሁን ከባዱ። ክምሩ በግማሽ ይወርዳል፤ ለሄክታር ከ50 እስከ 80 ኩንታል ስለሚያስፈልግ የአንድ ጉድጓድ ምርት ለግማሽ ጥማድ (ለሄክታር ስምንተኛ ገደማ) ቢበቃ ነው። ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው፤ ኩንታል ኮምፖስት 1 ኪሎ ገደማ፣ እሱም አብዛኛው በመጀመሪያው ዓመት አይለቀቅም። ዩሪያውን በአንዴ ያስጣላችሁት ገበሬ ነሐሴ ላይ ቢጫ ገብስ ያያል፤ ሁለተኛ አይሰማችሁም።

ይልቅ መንገድ ዳር ባለ ማሳ ላይ 10 በ10 ሜትር የሆኑ ሦስት መደቦች ለኩ። አንዱ እንደ ወትሮው፤ አንዱ በግማሽ ዩሪያና ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር ያለው ማዳበሪያ) ከ80 ኪሎ ኮምፖስት ጋር፤ አንዱ በኮምፖስት ብቻ። ኮምፖስቱ በዘር ጊዜ ተበትኖ በዕለቱ ይታረስ፤ ፀሐይ ላይ ከዋለ ይደርቃል፣ ጉልበቱም ይባክናል። ሰብሉ ሲደርስ የሦስቱ ነዶ ለየብቻ ይወቃ፤ ሚዛኑንም ባለማሳው ራሱ ይያዝ።