ውሻን ወይም ድመትን ለጥርስ ሕክምና እንዴት ማዘጋጀትና ማሳከም ይቻላል? ለአዳማ ነዋሪዎች

ጤነኛ ውሻ አፉ አይከረፋም፤ ጤነኛ ድመትም እንዲሁ። አዳማ ውስጥ ውሻ ለግቢ ጥበቃ፣ ድመት ደግሞ ለአይጥ ተብለው ስለሚያዙ፣ ሽታው ሲመጣ «የእንስሳ አፍ ነውና ምን ይደረጋል» ተብሎ ይታለፋል፤ ሐኪም የሚፈለገውም ብዙውን ጊዜ እንስሳው መብላት ካቆመ በኋላ ነው። ሽታው ግን በአብዛኛው ከድድ ሥር ከሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚመነጭ ሲሆን፣ 3 ዓመት ካለፋቸው ውሾችና ድመቶች አብዛኞቹ ይህ ችግር በተወሰነ ደረጃ ይገኝባቸዋል። ጥርስ ላይ የሚቀረው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ከምራቅ በሚያገኘው ማዕድን በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠንክሮ የጥርስ ድንጋይ ይሆናል፤ ከጠነከረ በኋላ በብሩሽ አይለቅም። ይሁን እንጂ ጥርሱን የያዘውን አጥንት የሚያስበላው ለዓይን የሚታየው ድንጋይ ሳይሆን ከድድ በታች የተሸሸገው ባክቴሪያና እሱ የሚያስከትለው ብግነት (የድድ መቅላትና ማበጥ) ነው። የቀላ ድድ በጽዳት ይድናል፤ የተበላ አጥንት ግን አይመለስም።

1. በቤት ውስጥ ይመልከቱ፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱን ያረጋግጡ

አፉን ከመንካትዎ በፊት እንስሳው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን በጊዜው መውሰዱን ያረጋግጡ። በድንገት ለሐጩ የሚዝረበረብ፣ አገጩ የወደቀ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ጠባዩ የተለወጠ ውሻ ሲያዩ «አጥንት ተሰንቅሮበት ይሆናል» ብሎ እጅን ወደ አፉ መስደድ በአገራችን ሰው የሚሞትበት ስሕተት ነው። እንዲህ ያለውን እንስሳ ሳይነኩ ዘግተው ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ወይም ለሐጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

እንስሳው ጤነኛና የተረጋጋ ከሆነ አፉን መፈልቀቅ አያስፈልግም፤ ከጎን ሆነው የላይኛውን ከንፈር ቀስ ብሎ ማንሳት ይበቃል። ውሻ 42፣ ድመት ደግሞ 30 ቋሚ ጥርሶች ሲኖሯቸው፣ ድንጋይ በብዛት የሚከማቸው ከላይ በኩል ባሉት የኋላ ጥርሶች ውጫዊ ገጽ ላይ ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ቀይ መስመር፣ የሸሸ ድድ፣ የተሰበረ ጥርስ ወይም ከዓይን በታች እብጠት መኖሩን ይመልከቱ። ከዓይን በታች ያበጠ ውሻ ዓይኑን የታመመ ቢመስልም፣ ብዙ ጊዜ መግል የያዘው ባለ ሦስት ሥሩ ትልቁ የላይኛው መንጋጋ ጥርስ ነው። ድመት ሕመሟን ስለምትደብቅ በአኳኋኗ ይለዩአት፦ ምግብ ከአፏ ይወድቃል፣ በአንድ ጎን ብቻ ታኝካለች፣ ወይም ጸጉሯን መላስ ስለምትተው ገላዋ ይጎሳቆላል።

የአዳማና የወንጂ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር መለየት ይኖርበታል። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ የጉድጓድ ውሃዎች ፍሎራይድ ስለሚበዛባቸው፣ ጥርስ በሚያድግበት ዕድሜ ይህን ውሃ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ በእንስሳትም ላይ ይኸው ይደርሳል። ብልዝ ከጥርሱ አካል ጋር የተዋሐደ በመሆኑ በማጽዳት አይነሳም፤ ድንጋይ ግን በጥርሱ ላይ የተጋገረ ስለሆነ ጠርዙ በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል።

2. ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ

በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ሥራ በአብዛኛው ያዘነበለው ወደ ከብት፣ በግና ፍየል ስለሆነ፣ ስለ ውሻና ድመት የጥርስ ሕክምና አስቀድሞ መጠየቅ ሐኪሙን እንደ መናቅ አይቆጠርም። የሚጠየቀውም ጽዳቱ በሙሉ ማደንዘዣ መሆኑን፣ የመተንፈሻ ቱቦ መግባቱን፣ በሥራው ጊዜ ማደንዘዣውን ብቻ የሚከታተል ሌላ ሰው መኖሩንና የአፍ ራጅ መነሣት መቻሉን ነው። መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ ሌላ ቦታ ያጠያይቁ፤ ከአዳማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የሚገኝ ሲሆን፣ አዲስ አበባም ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ያለ ማደንዘዣ፣ እንስሳውን ይዞ ጥርሱን በመፋቅ ብቻ የሚሰጥ አገልግሎት ቢቀርብልዎ ርካሽነቱ አያታልልዎ። ነቅቶ የሚንፈራገጥ እንስሳ ከድድ በታች አይጸዳም፤ ጥርሱ ነጥቶ ይመለሳል፣ በሽታው ግን ከታች መብላቱን ይቀጥላል። በእኔ ግምት ይህ ምንም ካለማድረግ ይብሳል፤ ባለቤቱ ታክሟል ብሎ ስለሚዘናጋ።

3. ለቀጠሮው ቀን ያዘጋጁት

ዕድሜውን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችና ከዚህ በፊት የታመመውን ሁሉ ለሐኪሙ ይንገሩ። የማደንዘዣው መጠን የሚሰላው በክብደት ስለሆነ እንስሳው መመዘን አለበት፤ በዓይን ግምት አይሆንም። ያደገና ጤነኛ የሆነ እንስሳ አብዛኛውን ጊዜ ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ ምግብ አይሰጠውም፣ ውሃ ግን እስከ ጠዋት ይፈቀድለታል፤ ለቡችላ፣ ለድመት ግልገልና ለስኳር በሽተኛ እንስሳ ግን ሐኪሙ የተለየ ሰዓት ይወስናል። ሌሊት ተለቆ የሚያድር የግቢ ውሻ ከቆሻሻ መካከል የሚበላ ስለማያጣ በዚያች ሌሊት መታሰር ይኖርበታል። ድመትን በባጃጅ በእቅፍ ይዞ መሄድ አይገባም፤ ክዳን ባለው ቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ውስጥ አድርገው በነጠላ ይሸፍኗት።

4. በሕክምናው ክፍል የሚሠራውን ይወቁ

ሐኪሙ ልብና ሳንባን ያዳምጣል፤ በተቻለ መጠንም በተለይ ለሸመገሉ እንስሳት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ያዛል። ከዚያ በእግር የደም ሥር ላይ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ይገባል፣ እንስሳው ይተኛል፣ በአየር ቧንቧውም ጫፉ አካባቢ የሚነፋ ቱቦ ይገባል። ቱቦው አየር ከማድረስ በተጨማሪ ከጥርስ የሚራገፈው ውሃና ቆሻሻ ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ይከለክላል። የአዳማ ሙቀት ቢኖርም ተኝቶ በውሃ የሚረጭ ትንሽ እንስሳ በፍጥነት ይቀዘቅዛልና፣ ገላውን ማሞቅም የሥራው አካል ነው።

ድንጋዩ የሚነሳው በረቂቅ ንዝረት በሚሠራ መሣሪያ ሲሆን፣ ቀጥሎ ከድድ በታች ያለው በእጅ መሣሪያ ይጸዳል። ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሐኪሙ ሚሊ ሜትር በተቀረጸበት ቀጭን ዘንግ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ የድዱን ኪስ ጥልቀት እየለካ ይመዘግባል። በጤነኛ ውሻ እስከ 3፣ በጤነኛ ድመት ደግሞ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ደንበኛ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጥርሱን የያዘው አጥንት መጎዳቱ ይጠረጠራል። ራጅ የሚያስፈልገውም ሥሩና አጥንቱ ከላይ ስለማይታዩ ነው፤ በተለይ ድመቶች ጥርሳቸው ራሱ እየተበላ የሚሟሟበት ሕመም ስላላቸው፣ ከላይ ትንሽ ቀይ ነጥብ ብቻ የሚታይበት ጥርስ በራጅ ሲታይ ሥሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ ጥርሱ በማለስለሻ ይወለወላል፤ ካልተወለወለ መፋቂያው የተወው ሻካራ ገጽ አዲስ ቆሻሻ በፍጥነት ይይዛል።

የትኛው ጥርስ እንደሚነቀል የሚታወቀው እንስሳው ከተኛ በኋላ ስለሆነ ስልክዎን ክፍት ያድርጉ፣ የክፍያውንም ጣሪያ አስቀድመው ይነጋገሩ። ጥርሱ በመነቀሉ ብዙ አይዘኑ፤ ጥርስ ያለቀባት ድመት ለስላሳ ምግብ በደንብ ትበላለች፣ የሚያማት ጥርስ ያለባት ግን አትበላም።

5. ወደ ቤት ሲመለስ

ፀሐይ የማይመታው ጸጥ ያለ ቦታ ያስተኙት፤ ሙሉ በሙሉ እስኪነቃ ድረስ ምግብ አይስጡት። ጥርስ ከተነቀለለት ከ10 እስከ 14 ቀን ለስላሳ ምግብ ይመገባል፤ ጨው በሌለው የሥጋ መረቅ የራሰ እንጀራ ይሆናል፣ የወጥ ትራፊ ግን አይሆንም፤ ሽንኩርት ለውሻም ለድመትም መርዝ ነውና።

ሐኪሙ ካዘዘው ሌላ የሕመም ማስታገሻ በፍጹም አይስጡ። አንድ የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ሊገድል ይችላል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

6. ንጽሕናውን በየቀኑ ይጠብቁ

ቁስሉ ሲድን ለስላሳ የሕፃናት ብሩሽ በውሃ አርጥበው፣ የጥርሱን ውጫዊ ገጽ በድዱ ጠርዝ በኩል በቀን አንድ ጊዜ ይቦርሹ። ለእንስሳት የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና ካልተገኘ ውሃ ብቻውን ይበቃል። የሰው የጥርስ ሳሙና እንስሳው ስለሚውጠው አይስማማውም፤ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ደግሞ ውሻን ይመርዛል። ከሉካንዳ የሚመጣው የበሬ ቅልጥም ጥርስ ያጸዳል የሚለው እምነት በከፊል እውነት ቢኖረውም፣ ትልቁን መንጋጋ ጥርስ የሚሰነጥቀውም ያው አጥንት ነው፤ በጥፍር ሲጫኑት ምልክት የማይቀበል ነገር ሁሉ ለውሻ ጥርስ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። ብሩሽ እምቢ ለምትል ድመት በጣት ላይ የተጠቀለለ እርጥብ የቁስል መሸፈኛ ጋዝ ይሞክሩ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከንፈሯን መንካት ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስት ጥርስ ማሸት፣ ከዚያ በላይ እሷ የፈቀደችውን ያህል።