የአረጋውያንን የልጅነት ትዝታ እንዴት እንመዝግብ?

ከጣሊያን ወረራ ማግስት በባሕር ዳር ያደጉ አያቶች ካሉዎት፣ ትዝታቸውን መመዝገብ ዛሬውኑ ይጀምሩ።

«በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም። ይልቁንም ጊዜውን እርሳቸው ከሚያውቁት ክስተት ጋር ያያይዙት፦ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ከገቡበት ከሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከተቋቋመበት ከ1953፣ ፖሊ ቴክኒኩ ከተከፈተበት ከ1955፣ ወይም የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሥራ ከጀመረበት ከ1956 ዓ.ም.። «አባባ፣ ፋብሪካው ሲሠራ የበኩር ልጅዎ ተወልዶ ነበር?» የሚል ጥያቄ ከቁጥር የበለጠ ያስታውሳል።

ከዚያ ወደ እጅ ሥራ ይሂዱ። የጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል (የውኃ ዳር ተክል) ከየት ይታጨድ እንደነበር፣ ፀሐይ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ታንኳው በምን እንደሚታሰር ሲጠየቁ፣ እጃቸው በአየር ላይ ማሰር ይጀምራል፤ አንደበታቸውም አብሮ ይፈታል፤ ስለዚህ ድምፅ ብቻ ሳይሆን በስልክዎ ቪዲዮም ይቅረጹ። የታንኳ ጥበብ ባለቤት የሆኑትን የወይጦ ማኅበረሰብ አረጋውያን ሳይጠይቁ የሐይቁን ዳር ታሪክ ጻፍሁ ማለት፣ በእኔ እምነት፣ ከባድ ጉድለት ነው።

የዘር ሐረጉን በአባት ብቻ ሳይሆን በእናትም በኩል ይቁጠሩ፤ የክርስትና ስምንም አይዝለሉ፣ አንዳንድ ሰው በቤተ ክርስቲያን የሚታወቀው በእርሱ ነውና። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ ዝም ካሉ አያስገድዱ፤ ሌላ ቀን ራሳቸው ይመለሱበታል። ቅጂውን ቢያንስ ለአንድ ሌላ ዘመድ ይስጡ።